እኛው እንወጣዋለን

ስልኩ ሲጮህ ድንች እየላጥኩ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። የደወለው ቶርግሪም ነበር፤ በደሴታችንና በከተማው መካከል በምትመላለሰው ጀልባ ላይ ቲኬት የሚቆርጠው።

«ሃልቫር፣ ቤት ነህ?»

«አዎ።»

«ተቀምጠሃል?»

«ድንች እየላጥኩ ነው።»

ከኋላው የሞተሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«ቶርዲስ ናት» አለ። «ስትገባ እንደምን ዋልክ ብላኝ ጥጉ ላይ ተቀመጠች። የተኛች መስሎኝ ቲኬትም አልጠየቅኳት። ልንደርስ ስንል ልቀሰቅሳት ሄድኩ። ሐኪሙን ጠርቻለሁ፣ ወደቡ ላይ ይጠብቀናል። ግን ሃልቫር… ሐኪም የሚያስፈልጋት አይመስለኝም።»

«እሺ» አልኩት። ውሃውን ከምድጃው ላይ አወረድኩ፤ ምድጃውን አጠፋሁ፤ ኮቴን ለብሼ ወደ ወደቡ ወረድኩ።

ጀልባው ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ጓንቷን አላወለቀችም። የሹራብ ኮፍያዋ ወደ ግንባሯ ወርዶ ነበርና አስተካከልኩላት።

ለቀብሩ ቄሱ «ስለ ሕይወቷ ግማሽ ገጽ ጻፍልኝ» ብሎኝ ጻፍኩ። የት እንደተወለደች፣ ምን እንደሠራች፣ ማን እንደቀራት። ማንም አልቀራትም፣ ከእኔ በስተቀር። በግማሹ ገጽ ላይ ያልገባውን እዚህ ላስቀምጠው።

ቶርዲስ ታላቅ እህቴ ናት፤ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። አላገባችም፣ አልወለደችም። ወጣት ሳለች ከዓሣ ማቀነባበሪያው ትሠራ ነበር። እሱ ሲዘጋ የደሴታችን የኩልቮያ ትምህርት ቤት ቀጠራት፤ ሃያ ሰባት ዓመት አጸዳችው፣ ጠገነችው፣ በረዶውን ጠረገችለት። ሐሙስ ሐሙስ የዓሣ ሾርባ ትሠራ ነበር፤ ሾርባው በሥራ ውሏ ላይ አልተጻፈም። የሽርጥዋ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ብሎን መፍቻ አለ። የጠፋ ጓንት ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚገኘው እሷ ጋ ነው፤ ከማሞቂያው ላይ ደርቆ፣ የተቀደደው ተሰፍቶ።

«ቶርዲስዬ፣ የእኔ እኮ ሰማያዊ ነበር» ይላታል አንዱ።

«ሰማያዊ ክር አልቆብኛል። ቀይ አውራ ጣት ያለው ሰው በደሴቲቱ ላይ አንተ ብቻ ነህ፣ አሁን ደግሞ ጥፋና እናያለን።»

ትምህርት ቤቱን ለምን እንዲህ አጥብቃ እንደያዘችው አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኛለች። ሰባት ዓመት ሲሞላት እዚህ ትምህርት ቤት አልነበረም። ልጆች ባሕሩን ተሻግረው አዳሪ ይገቡ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ማዶ፣ ሁለት ሳምንት ቤት። እሷ እዚያ ስትሆን አልጋዋን ታረጥብ ነበር። የምትጠብቃቸው ሴትዮ አንሶላውን የምታሰጣው ጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊቱ መስኮት ላይ ነው፤ ልጆቹ ከክፍል ሲወጡ እንዲያዩት። ይህን ስትነግረኝ መስኮት እየወለወለች ነበር። ነግራኝ ስትጨርስ «ያን ሳሙና አቀብለኝ» አለችኝ።

አስር ዓመት ሲሞላት አባቶቻችን በደቦ ትምህርት ቤት ሠሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ሚስማርና አንድ አስተማሪ ሰጠ። እንጨቱ፣ ድንጋዩ፣ ጉልበቱ የእነሱ ነበር። በተሠራ በዓመቱ እኔ ገባሁ። ልጅ ሳለሁ ለትምህርት ብዬ ባሕር አልተሻገርኩም። የእሷን ሦስት ዓመት ሰው ሁሉ ረስቶታል፤ እኔም ረስቼው ኖሬያለሁ።

ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤቱ የሚበላሽ ነገር ሁሉ በደቦ ነው የሚጠገነው። በሜይ ወር አንድ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ይወጣል። መሰላሉን የሚያመጣው ጎረቤታችን ሲቨርት ነው። ሲቨርት ጣሪያ ላይ ሲወጣ ሥራውም ወሬውም አይቆምም። ያልመጣ ሰው ካለ ማንም አይቆጣውም፤ ግን ሱቅ ውስጥ ሲያገኙት «ወገብህ እንዴት ሆነልህ?» ይሉታል። ወገቡን ያላመመው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ይገኛል። ማዘጋጃ ቤቱን መለመን ግን አልተለመደም። ከሰው እጅ መጠበቅ እንደ ነውር ነው። «እንዴት ናችሁ?» ሲሉን «እንወጣዋለን» እንላለን፤ ታሞም፣ ከስሮም፣ መርከብ ሰጥሞበትም ሰው እዚህ የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በኖቬምበር ከማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ መጣ። ርዕሱ «የሕዝብ ትምህርት ቤቶቻችንን ለማሻሻል ኅብረተሰቡ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች» ይላል። ለስድስቱም ትምህርት ቤቶች ነው የተላከው። አስር ጥያቄ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ ከዜሮ እስከ አምስት ይጻፋል። ዜሮ ማለት አያስፈልግም፣ አምስት ማለት እጅግ ያስፈልጋል ነው። የወላጆችና የጎረቤቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ቶርዲስ ስለነበረች ሰውን ሰበሰበችው። ዋፍል ጋገረች፣ ቡናማውን አይብ ቆረጠች፤ በትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍል ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ሃያ አራት ሰው ነበርን።

መነጽሯን አደረገች። «አንደኛ፣ ጣሪያ።»

«የቱ ጣሪያ?» አለ ሲቨርት።

«የትምህርት ቤቱ ነዋ። የአንተማ ማፍሰስ ከጀመረ ስንት ዓመቱ።»

ሰው ሳቀ። ሲቨርትም ሳቀ። «የትምህርት ቤቱን በሜይ አየዋለሁ። ቆርቆሮ ተርፎኛል። ዜሮ በይው።»

«ሁለተኛ፣ የአየር ማስወጫ።»

«መስኮት አለን አይደል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሦስተኛ፣ መጫወቻ ሜዳ።»

«ባሕር ዳሩን ያጥሩልን እንግዲህ!»

እንዲህ እየተባለ ወረደ። በየመስመሩ ዜሮ፣ አልፎ አልፎ አንድ። ያኔ ራንዲ እጇን አወጣች። ራንዲ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ከማዶ አግብታ የመጣች፣ ከሳልሞን እርባታው የምትሠራ።

«ወደ ሁለተኛው እንመለስ እስቲ» አለች። «አየሩ እውነት ይከብዳል። ትንሿ ልጄ ከምሳ በኋላ ራሴን እያለች ነው የምትመጣው። በበረዶ መስኮት ከፍቶ አይዋልም። አራት ብንጽፍ ምን አለበት?»

እዚህ ሰው ሲቃወም አይጮህም፤ ዋፍሉን ነው የሚያየው።

«ራንዲዬ» አለች ቶርዲስ ቀስ ብላ። «የከተማው ትምህርት ቤት ግድግዳው ሻግቶ ልጆቹ ኮንቴይነር ውስጥ ነው የሚማሩት። እኛ እዚህ አራት ከጻፍን እነሱ ምን ሊጽፉ ነው?»

«አምስት ይጻፉ! ማን ከለከላቸው?»

«ይጽፋሉ። ለዚያ ነው እኛ የማንሻማቸው።»

ራንዲ ፊቷ ቀላ። «እሺ፣ ተዉት» አለችና ቁጭ አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። የተናገረችው እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ስገባ እኔንም ይከብደኛል። ዋፍሌን በላሁ።

ከቅጹ ግርጌ «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ቶርዲስ በዚያ በክብ በክብ ጽሑፏ ጻፈችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልን፦ «ለሚብስበት ይሰጥልን። እኛው እንወጣዋለን።»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

የራንዲን ነገር ግን አልተወችውም። በጃንዋሪ እኔንና ሲቨርትን ጠርታ ግድግዳውን አስበሳችን፤ ከአሮጌ የዓሣ ጀልባ የሞተር ክፍል የተፈታ ማራገቢያ ገጠምንበት። አየሩ ተሻለ። ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ልጆቹ ስሙን ሲቨርት አሉት። ራንዲ ኬክ ጋግራ አመጣች። ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ከተማው አምስት አምስት ብሎ ጽፎ ስለነበር አዲስ ሕንፃ ተሠራለት። ሰፊ ነው፤ ቦታ የተረፈው። ባለፈው መከር ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ስልሳ አራት ገጽ ያለው ጥናት ወጣ። የእኛ ነገር አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ነው። ቶርዲስ ከእኔ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አነበበችው።

«‹ኩልቮያ፦ የፍላጎት ነጥብ ሁለት። ኅብረተሰቡ ለትምህርት ቤቱ መሻሻል ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳይ አላመለከተም። አሥራ አንዱ ተማሪዎች ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ቢዛወሩ የሚደርሰው ጫና ዝቅተኛ እንደሚሆን ይገመታል፤ ኅብረተሰቡ ሁኔታዎችን በራሱ የመወጣት አቅም እንዳለው በጽሑፍ ገልጿል።›»

መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። እንደገና አደረገችና እንደገና አነበበችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ሁላችንም ነበርን እኮ ቶርዲስ። ሃያ አራት ሰው አጨብጭቧል።»

«ጭብጨባው ወረቀቱ ላይ የለም። እጁ የእኔ ነው።»

ልጆቹ ማለዳ በአንድ ሰዓት ጀልባ ሄደው ከቀኑ አስር ሰዓት ይመለሳሉ ማለት ነው። አርባ ደቂቃ መሄጃ፣ አርባ ደቂቃ መመለሻ። በክረምት ሳምንት ሙሉ ጀልባ የማይወጣበት ጊዜ አለ፤ ያኔ እዚያው ዘመድ ቤት፣ ዘመድ የሌለው ደግሞ ባለ አልጋ ክፍል ይያዝለታል ይላል ጥናቱ። ቶርዲስ ያን መስመር በእርሳስ አስምራበታለች። አጠገቡ ምንም አልጻፈችም።

ወሬው በደሴቲቱ በተሰማ ማግስት ሱቅ ውስጥ ወረፋ ላይ ነበርን። ሲቨርት ከፊታችን ነው፤ ወደ ሰው ዞሮ «እንወጣዋለን ብለን ጽፈን ነበር፤ ይኸው ልንወጣ ነው!» አለ። ሰው ሳቀ። ቶርዲስ የያዘችውን ወተት መደርደሪያው ላይ መልሳ ወጣች። ሲቨርት ምላሱን ነከሰ። ማታውን እቤቷ ድረስ ሄዶ ነበር። «ምን አለሽ?» ብዬ ኋላ ስጠይቃት «የወጥ ቤቴን በር ማጠፊያ ሠራልኝ» አለችኝ። ይቅርታ መጠየቁ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ ቅጹን ማቃናት ሆነ። መጀመሪያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደች፤ አብሬያት ነበርኩ። ቅጹን ያዘጋጀችው ወጣት ሴት ከደቡብ የመጣች ናት፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ወንበር ሳበችልን።

«ልናርመው ነው የመጣነው» አለች ቶርዲስ።

«ምኑን?»

«ቁጥሩን። ሁለተኛው ጥያቄ አራት ነው። አንደኛውም ሦስት ይሆናል። ሰባተኛው፣ የአስተማሪ ቁጥር የሚለው፣ አምስት ነው፤ አንድ አስተማሪ ነው ሁሉንም ክፍል የሚይዘው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዜሮ ጻፋችሁ?»

ቶርዲስ እኔን አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ለዚህ ጥያቄ ማንም በደሴታችን ተወልዶ ያደገ ሰው መልስ አያጣም፤ ግን በቃል የሚነገር መልስ አይደለም።

«ለሌሎቹ እንዲተርፍ ነዋ» አለች በመጨረሻ።

«እኔ የመጣልኝን ቁጥር ነው የደመርኩት» አለች ልጅቷ። እውነቷን ነበር፤ ዐይኗም ያዘነ ይመስላል። «ዜሮ ስትጽፉ የምደምረው ዜሮ ነው። ጊዜው ደግሞ አልፏል።»

በጃንዋሪ መጨረሻ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ለሕዝብ ሦስት ደቂቃ ይሰጥ ነበርና ቶርዲስ ተመዘገበች። ለገና የምትለብሰውን ሹራብ ለብሳ ነው የሄደችው። ስለ ጀልባው ተናገረች፣ ስለ ማዕበሉ፣ በደቦ ስለተሠራው ነገር ሁሉ። ስለ አንሶላው አልተናገረችም። እንድትናገር ጠዋት ጀልባው ላይ ለምኛት ነበር። «ሰው እንዲያዝንልኝ አልሄድም» አለችኝ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አነሳ። «እናመሰግናለን። ግን እዚህ በራሳችሁ እጅ የተጻፈ መልስ አለን። እኛው እንወጣዋለን ይላል።»

«ያ ጨዋነት ነው እንጂ መልስ አይደለም» አለች።

አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «ሦስት ደቂቃው አልቋል።»

አሥራ ሦስት ለስምንት ተወሰነ። ትምህርት ቤቱ በጁን ይዘጋል። ለመዝጋት እጃቸውን ካወጡት አንዱ አርንስታይን ነው። አርንስታይን የእኛው ልጅ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ከወደቡ በላይ ባለው ቢጫ ቤት፣ የተማረው በዚያው ትምህርት ቤት። እናቱ ታማ በተኛችበት ክረምት ከትምህርት በኋላ የሚቆየው ቶርዲስ ጋ ነበር። አሁን ከተማ ውስጥ የቀለም ሱቅ አለው፤ በምክር ቤቱ ወንበር ይዟል።

አንድ መንገድ ቀርቶ ነበር። ሦስት የምክር ቤት አባላት አብረው በጽሑፍ ከጠየቁ ውሳኔው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደገና ይመረመራል፤ ጊዜው ሦስት ሳምንት ነው። ቶርዲስ አቤቱታውን ራሷ ጻፈችው። አራት ጊዜ ቀደደችው። የመጨረሻው አንድ ገጽ ነበር፤ «ፍላጎታችንን ስንጠየቅ ፍላጎታችንን አልተናገርንም፤ ስህተቱ የእኛ ነው፣ የሚከፍሉት ግን ልጆቹ ናቸው» ይላል። ከምክር ቤቱ አባላት አንድ በግ አርቢ ፈረመ። አንዲት ነርስ ፈረመች። ተቃውመው ከነበሩት የቀሩት ስድስቱ፣ ውሳኔው ከተወሰነ በኋላ አመራሩን ማስቀየም አልፈለጉም፤ አንዱ ስልክ እንኳ አላነሳም። ሦስተኛ ፈራሚ ሊሆን የሚችለው አርንስታይን ብቻ ነበር።

ሁለት ጊዜ ሄደችበት። መጀመሪያ አላገኘችውም። ሁለተኛ ጊዜ ቡና ቀድቶላት «አስብበታለሁ» አላት። ለሦስተኛ ጊዜ የሄደችው በሞተችበት ረቡዕ ነው። ጊዜው የሚያልቀው አርብ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነበር።

እዚያ የተነጋገሩትን ያወቅኩት ኋላ ከራሱ ከአርንስታይን ነው። ሱቁ ውስጥ ቆመው ነው የተነጋገሩት።

«ወረቀቱ በአንቺ ጽሑፍ ነው እኮ ቶርዲስ» አላት። «ብፈርም ምን እላቸዋለሁ? ድምፄን ሰጥቼ መልሼ ልውጠው?»

«ምን እንደምትላቸው እኔ አልጠይቅህም።»

«ጊዜ ስጪኝ።»

«እስከ አርብ አለህ።»

ስለዚያ ክረምት አንዲት ቃል አላነሳችበትም። አርንስታይን እንደሚለው የጠበቀው እሱን ነበር፤ ብታነሳበት ይቀለው ነበር። በመኪና ላድርስሽ ቢላት ወደቡ ቅርብ ነው ብላ ሄደች። ቅርብ አይደለም። መንገዱም በረዶ ነበር፤ ጀልባው ሊሄድ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

ጀልባው ላይ ቶርግሪም ቦርሳዋን ሲሰጠኝ አቤቱታው ውስጡ ነበር፣ በፕላስቲክ ማኅደር። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ከቀብር አስፈጻሚው ጋር ዋልኩ፤ የሣጥን ዓይነት አሳየኝ፣ ነጭ መረጥኩ። አርብ ጠዋት ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ መጡ። መሬቱ በበረዶ ስለጠጠረ ከሰል አንድደው ነው የቆፈሩት፤ ይህም በደቦ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ራንዲ በሩን አንኳኳች። ትንሿ ልጅዋን በእጅዋ ይዛለች።

«ሃልቫር፣ ማኅደሩን ስጠኝ» አለች። «የሰባት ሰዓቷን ጀልባ እደርስባታለሁ። ራሴ አርንስታይን ዘንድ እሄዳለሁ። ይፈርምም አይፈርም ዐይኑን አይቼ ልመለስ።»

ማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ራንዲ የሥራ ልብሷን ለብሳለች። አለቃዋ ሊቆጣት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ልጅቷንም ለማን ትታ ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ። ሰው ለእኔ ሲቸገር ማየት አልወድም።

«ተይው» አልኳት። «አንቺ ሥራ አለብሽ። እኔው እወጣዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እወጣዋለሁ።»

ራንዲ ሁለተኛ አልተከራከረችኝም፤ ከእኛ ጋር ስትኖር አሥር ዓመት ሆኗታል፣ ተምራለች። «እሺ» ብላ ሄደች።

ኮቴን ለበስኩ። ጫማዬን ላስር ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከረቡዕ ወዲህ አልተኛሁም ነበር። ስነቃ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ መስኮቱ ጨልሟል፣ አንዱ ጫማ እግሬ ላይ ነው፣ ሌላው እጄ ውስጥ።

ማክሰኞ ቀበርናት። ቄሱ ግማሽ ገጹን አነበበ። አሥራ አንዱ ልጆች መዝሙር ዘመሩ፤ ከእነሱ አንዱ አንድ ቀይ አውራ ጣት ያለው ሰማያዊ ጓንት አድርጎ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ፤ ሴቶቹ ኬክ ደርድረው፣ ማራገቢያው እያጉረመረመ። አርንስታይንም መጥቷል። ከኋላ ቆሞ ቆይቶ ወደ እኔ መጣ። ጥቁር ክራቫት አስሯል፤ ፊቱ ገርጥቷል።

«አርብ ቀኑን ሙሉ ሱቁን ሳልለቅ ዋልኩ» አለኝ። «ለምሳም አልወጣሁም። አንድ ሰው ይመጣል ብዬ ነበር። ወረቀቱን የያዘ ሰው ቢመጣ ኖሮ እፈርም ነበር መሰለኝ።»

«መሰለኝ?» አለ ሲቨርት ከጎኔ። ሲቨርት በወሬ መካከል ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ዝቅ አደረገ። «እሷን ጀልባ ላይ ጥለህ አሁን መሰለኝ ትላለህ? ስልክ የለህም? እጅ የለህም? ባሕሩ የሚሻገረው ወደዚያ ብቻ ነው?»

«ሲቨርት፣ ተው» አልኩት።

«አልተውም! ማን ነው ያሳደገው?»

«ተው አልኩህ። ማኅደሩ እኔ ጋ ነበር።»

ሲቨርት ዞሮ አየኝ። አርንስታይንም አየኝ። ራንዲ ማዶ ቆማ ሳህን ትሰበስብ ነበር፤ ሰምታለች፤ ወደ እኛ አላየችም። ለአርንስታይን ኬክ ቆረስኩለት። ተቀበለኝ። ቆሞ በላው።

ራንዲ ከመጪው ኦገስት ጀምሮ የምትኖርበት ቤት ከተማ ውስጥ ተከራይታለች። ስትነግረኝ ምክንያቱን አላብራራችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። እሷ ከሦስት ልጆቿ ጋር ስትሄድ የሚቀሩት ስምንት ናቸው፤ ከእነሱም የሁለቱ ወላጆች ቤት እየፈለጉ እንደሆነ ሰው ያወራል። ሲቨርት ሱቅ ውስጥ መቀለድ ተወ። በሜይ ለደቦ የወጣነው ሰባት ሰው ነን፤ ሲቨርት ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ሁለት ቆርቆሮ ቀየረ፤ በሚቀጥለው ወር የሚዘጋ ቤት ጣሪያ ለምን እንደሚጠገን ማንም አልጠየቀም።

ከማዘጋጃ ቤቱ ያቺ ወጣት ደብዳቤ ልካልኛለች። ሐዘኗን ገልጻ፣ ጊዜው ስላለፈ የሚደረግ ነገር እንደሌለ፣ ነገር ግን ለመዝገቡ ሲባል የኩልቮያን ቅጽ ማረሚያ በጽሑፍ ብልክላት ከፋይሉ ጋር እንደምታያይዘው ጽፋለች። ሁለት ጊዜ ጀምሬው ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ አራት፣ አንደኛው ሦስት፣ ሰባተኛው አምስት። ሌሎቹን ሰባት ቶርዲስ ስንት ልትላቸው እንደነበር አላውቅም፤ ልጆቿ እዚያ ስለሚማሩ ራንዲን መጠየቅ አለብኝ። ራንዲን አልጠየቅኳትም። ማረሚያውም አልተላከም።